አሥራ አምስት ሰው፣ አሥራ ስድስት እጅ

የምሠራው ዓረብ ሀገር፣ ኾበር ከተማ ውስጥ፣ ሕንፃ በሚያስተዳድር ቢሮ ነው። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሃያና ሠላሳ ቤተሰብ እያንዳንዱ የየራሱን ቤት ገዝቶ ሲኖር፣ ደረጃው የማን ነው፣ ሊፍቱን ማን ያሠራል፣ ጣሪያው ሲያፈስ ማን ያስደፍናል የሚባል ጣጣ ይመጣል። ስለዚህ የባለቤቶች ማኅበር ያቋቁማሉ። ማኅበሩ በየዓመቱ በጀት ያወጣል፣ ከየቤቱም መዋጮ ይሰበስባል። በጀቱን አዘጋጅቼ፣ ሰዎቹን ሰብስቤ የማስረዳቸው እኔ ነኝ። ሐኪሙንም፣ ነጋዴውንም፣ ጡረተኛውንም አስረድቻለሁ። እየተቆጡ የገቡትን እየሳቁ አስፈርሜ ሸኝቻለሁ። በዚህ ሥራዬ ትንሽ እኮራ ነበር፤ ኩራቴን ያስተነፈሰልኝ የገዛ አባቴ ነው።

አባቴ መካኒክ ነው። ከወሎ ወደዚህ ሀገር ከመጣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። ይህን ሁሉ ዘመን ያሳለፈው ደማም ውስጥ፣ ጋራዦች በተደረደሩበት ሰፈር፣ የሰው መኪና ሥር ተኝቶ ነው። እኔ የተወለድኩት እዚሁ፣ ያደግሁትም እዚሁ ነው። በዕድሜዬ ሁሉ ቤታችን ውስጥ አንድ የማይሻር ሕግ ነበር፤ ግድግዳ ላይ ሚስማር አይመታም።

ሕጉ የአባቴ ነው። የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ ኢቃማው፣ የሚታደሰው በየዓመቱ ነው። ካፊላችን፣ በእሱ ዋስትና የምንኖረው አሠሪው፣ ደግ ሰው ቢሆንም አንድ ቀን ሐሳቡን ቢቀይር ሻንጣ ማንሳት ነው። አባቴ ለዚህ የምትሆን አንዲት ጥያቄ ነበረችው፤ "ኹሩጅ ቢመቱብንስ?" የመጨረሻ መውጫ ቪዛ ሰጥተው ቢሸኙንስ ማለቱ ነው። እናቴ መጋረጃ እንግዛ ስትል፣ "ኹሩጅ ቢመቱብንስ?" እኔ ድመት እናሳድግ ስል፣ "ኹሩጅ ቢመቱብንስ? ድመቷ ፓስፖርት አላት?" የግድግዳ ሰዓታችን እንኳ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ፍሪጅ አናት ላይ ነው የኖረው፤ ግድግዳ ተደግፎ፣ ትንሽ ተጋድሞ። እናቴ ሰዓት ለማየት አንገቷን ዘንበል ማድረግ ለምዶባት፣ ሰው ቤት የተሰቀለ ሰዓት ስታይም ዘንበል ትላለች።

ከሰዓቱ የባሰው ግን ካርቶኑ ነው። አንደኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት እናቴ ከገበያ ደርዘን የሻይ ብርጭቆ ገዛች፤ ከንፈራቸው ወርቃማ፣ ወገባቸው ቀጠን ያለ። አንድ ቀን እንኳ ሳይጠጣባቸው አባቴ እያንዳንዳቸውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ አስገባቸው። ካርቶኑን በፕላስተር አሸገና በማርከር "ሀገር ቤት" ብሎ ጻፈበት። ከዚያ ወዲህ ከሰይሃት ወደ አል ጀለዊያ፣ ከአል ጀለዊያ ደግሞ ወደ ሌላ ኪራይ ቤት ስንዞር፣ ካርቶኑ በእናቴ ጭን ላይ ሆኖ በመኪና ይሄዳል፤ አዲሱ ቤት ስንደርስም ቁም ሣጥን አናት ላይ ይወጣል። እኛ ሻይ የምንጠጣው አይብ በተሸጠባቸው፣ አይቡ ሲያልቅ በታጠቡ ብርጭቆዎች ነበር። እናቴ ካርቶኑን አቧራ በምትጠርግበት ቀን ሁሉ "በእነዚህ ብርጭቆዎች የልጅ ልጄ ነው የሚጠጣው" ትላለች። ልጅ ቀርቶ ባል የለኝምና ይህ ለእኔም የተወረወረ መሆኑ አይጠፋኝም።

አምና ቤት ገዛን። እዚህ ነዋሪ የሆነ የውጭ ዜጋ ፈቃድ አውጥቶ ለመኖሪያው አንድ ቤት መግዛት ይችላል። ያባቴን ቁጠባና የእኔን ደመወዝ ደምረን፣ አል መዝሩዒያ ውስጥ ባንድ ያረጀ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከጣሪያው ሥር ያለውን ቤት ባባቴ ስም ገዛን። ርካሽ ያገኘነው ሊፍቱ በዕድሜ ከእኔ ስለሚበልጥና ዝናብ ሲጥል የሳሎኑ ጥግ ስለሚያፈስ ነው። ፊርማው ያለቀ ዕለት እናቴ እልል ልትል አፏን ከፈተችና፣ ያለችው የመንግሥት ቢሮ ውስጥ መሆኑ ትዝ ሲላት በእጇ ከደነችው። እልልታውን እስከ መኪናችን ድረስ ይዛ ሄዳ እዚያ ለቀቀችው። አባቴም ያን ቀን ሲስቅ ዋለ።

ቤቱ ገብተን ዕቃ ስናወርድ ግን የመጀመሪያ ንግግሩ "ሚስማር እንዳትመቱ" የሚል ሆነ።

"አባዬ፣ የራሳችን ቤት እኮ ነው" አልኩት።

"ቤቱ የራሳችን ነው። ኢቃማው ግን የዓመት ነው" አለኝ።

ሰዓቱ ፍሪጁ አናት ላይ ወጣ። ካርቶኑም ቁም ሣጥኑ አናት ላይ። እናቴ መኝታ ቤት ገብታ አልጋ ስታነጥፍ ትራሱን ከሚገባው በላይ ስትደበድበው ሰማሁ።

ሦስት ወር እንደኖርን በበራችን ሥር ወረቀት ገባ። የባለቤቶች ማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ጥሪ ነበር፤ ከታች ክብ ማኅተም አለበት። ማኅተሙ አባቴን ረፍት ነሳው። በስብሰባው ቀን ከጋራዥ ቀደም ብሎ መጣ፣ ታጠበ፣ የተተኮሰ ጀለቢያውን ለበሰ፤ ከዚያም አንድ ያበጠ የፕላስቲክ ፋይል በብብቱ ይዞ ወጣ። ውስጡን ባየው የሠላሳ አንድ ዓመት ወረቀት ነው፤ ፓስፖርት፣ ኢቃማ፣ የቆዩ ኢቃማዎች ፎቶ ኮፒ፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ አራት ጉርድ ፎቶ።

"አባዬ፣ የጎረቤት ስብሰባ ነው። ፎቶ ምን ያደርጋል?"

"ማኅተም ባለው ወረቀት ሲጠሩህ ባዶ እጅህን አትሄድም" አለኝ።

ስብሰባው ከዐስር ሶላት፣ ከከሰዓቱ ጸሎት በኋላ፣ ምድር ቤት በሚገኘው መግቢያ አዳራሽ ነበር። የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፣ ተምር በሳህን ይዞራል። ሊቀ መንበሩ ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ሁሉም ኡስታዝ ይላቸዋል። እኔ ከአባቴ ጎን ተቀመጥኩ። ዓረብኛውን ከእኔ እኩል ይናገረዋል፤ ማንበቡ ላይ ነው የሚቸገረው። ኡስታዝ ስም እየመዘገቡ እኛ ጋ ሲደርሱ "የቤት ቁጥር?" አሉት። አባቴ ብድግ ብሎ ኢቃማውን ሰጣቸው። ኡስታዝ ኢቃማውን አዩት፣ አባቴን አዩት፣ በሁለት እጃቸውም መለሱለት።

"ያ ሐጅ፣ እኔ እኮ ጎረቤትዎ ነኝ" አሉት፤ ያ ሐጅ ትልቅ ሰው በአክብሮት የሚጠራበት ነው።

ከዚያ በጀቱን ማስረዳት ጀመሩ። ወረቀታቸው በእስክሪብቶ የተሠመረ፣ ጥርት ያለ ነበር፤ እኔ በኮምፒውተር ከምሠራው ይበልጥ አማረኝ። በጀቱ ሁለት ኪስ አለው። አንደኛው የዓመቱ ወጪ ነው፤ የጥበቃው ደመወዝ፣ የደረጃው መብራት፣ ጽዳት፣ ውሃ። ይህ ዘንድሮ ተሰብስቦ ዘንድሮ የሚያልቅ ስለሆነ ማንም አልተከራከረበትም። ሁለተኛው መጠባበቂያ ነው። ዘንድሮ ለማይበላሹ፣ አንድ ቀን ግን ማለቃቸው ለማይቀር ነገሮች ከአሁኑ እየተጠራቀመ የሚቀመጥ ገንዘብ። ሕንፃው እስካሁን መጠባበቂያ አልነበረውም። ኡስታዝ ዘንድሮ ይጀመር ነው የሚሉት፤ ከየቤቱ በወር መቶ ሪያል።

ምድር ቤት የሚኖሩ አንድ ወፍራም ጨዋታ አዋቂ ሰውዬ ተነሡ። "እኔ ምድር ቤት ነኝ። ሊፍት አልሳፈርም፣ ጣሪያም የለኝም። ሲበላሽ የሚጠቀምበት ያሠራው። መጠባበቂያ ማፊ!" አሉ፤ የለም ማለታቸው ነው። በግምት ግማሹ ሰው ሳቀና አጨበጨበ። አባቴ ኡስታዝ ሲናገሩ "ጠይብ፣ ጠይብ"፣ እሺ፣ እሺ፣ እያለ ራሱን ሲነቀንቅ ቆይቶ ነበር። ሰውዬው ሲናገሩም "ጠይብ፣ ጠይብ" እያለ ራሱን ነቀነቀ። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

"መጠባበቂያው ይጀመር የሚል?" አሉ ኡስታዝ። አባቴ እጁን አወጣ። ደስ አለኝ።

"አይጀመር የሚል?" አባቴ እጁን አወጣ።

ያው እጅ ነው፤ ያው ፈገግታ ነው። የጀለቢያውን እጅጌ በጣቴ ብጎትተው እጁ አልወርድ አለ። ኡስታዝ ቆጠሩ። መነጽራቸውን ጠረጉና ደግመው ቆጠሩ። "ስምንት ለስምንት" አሉ። "ድምፅ ያለን አሥራ አምስት ሰዎች ነን። አሥራ ስድስት እጅ ከየት መጣ?"

ሁሉም ዞር ዞር ብሎ ተያየ። እኔ ወለሉን ሳይ አባቴ ወደ ኡስታዝ እየተመለከተ በትሕትና "ሃዲር" አላቸው፤ ለትእዛዝ ዝግጁ ነኝ ማለቱ ነው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬውም ሳቁ፣ ኡስታዝም ሳቁ፣ እኔም እያፈርኩ ሳቅሁ። ኡስታዝ እንባቸውን ጠርገው፣ "ያ ሐጅ፣ ሰባት ለሰባት ነን፤ ሚዛኑ እርስዎ ጋ ነው። ሳምንት በዚሁ ሰዓት እንገናኝ፤ አስበውበት አንድ እጅ ይዘው ይምጡ" አሉት።

ሊፍቱ ውስጥ እንደገባን ጀመርኩት። ሊፍቱ ስለሚያዘግም አራተኛ ፎቅ እስኪደርስ ጥሩ ጠብ ያስጨርሳል።

"ጣሪያው የሚያፈሰው እኛ ላይ ነው! ጣሪያ አይሠራ ላለ ሰው እጅ ታወጣለህ?"

"ሰውዬው ልክ ነው፣ ጣሪያ የለውም። ኡስታዝም ልክ ነው። የቱን ላሳፍር?"

"አይሆንም ማለት ማሳፈር ነው እንዴ?"

አባቴ ዓይኑን ወደ ሊፍቱ ቁጥሮች አነሣ። "በዚህ ሀገር ሠላሳ አንድ ዓመት ስኖር፣ አይሆንም ትላለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ዛሬ ድንገት ቢጠይቁኝ እጄ የለመደውን አደረገ" አለኝ። ንዴቴ በአንድ ጊዜ ወረደ። ለአባቴ ከዚያ በፊት እንደዚያ አዝኜለት አላውቅም፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ሊፍቱ ተንገጫግጮ ሲቆም ሁለታችንም ግድግዳ ላይ ተለጠፍን።

በማግስቱ የኡስታዝን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እንደ ደንበኛ አስቀመጥኩት። "ያንተን የሞተር ቺንጋ አስበው" አልኩት። አባቴ ቺንጋቸው እስኪበጠስ በሚጠብቁ ሰዎች ላይ የከረመ ቂም አለው። ቺንጋው በጊዜው ቢቀየር በጥቂት ገንዘብ ያልቃል፤ መንገድ ላይ ሲበጠስ ግን ሞተሩን ይዞ ይሄዳል እያለ ስንቱን ደንበኛ ሲቆጣ ሰምቼዋለሁ። "ሊፍቱም ቺንጋ ነው" አልኩት። "ለመቀየር መቶ ሃያ ሺህ ሪያል ይፈልጋል። እየተጠገነ አሥራ አምስት ዓመት ይቀረዋል። ስታካፍለው በዓመት ስምንት ሺህ። ለአሥራ ስድስት ቤት ስታካፍለው..."

"አምስት መቶ" አለ ሳልጨርስ።

"የጣሪያው ሽፋን አርባ ስምንት ሺህ፣ በስድስት ዓመት።"

"እሱም አምስት መቶ ነው። የውሃ ፓምፑስ?"

"ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ፣ በሦስት ዓመት።"

ጣቱን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገ። "ሁለት መቶ። ድምሩ ሺህ ሁለት መቶ፣ በወር መቶ ሪያል። ሰውዬው ልክ ነው፤ ንጹሕ ሂሳብ ነው።" አሁን ሰውዬው ያለው ኡስታዝን ነበር። ሐኪሞች የሞሉበትን ሕንፃ ማኅበር ለማስረዳት ሁለት ስብሰባ የፈጀብኝን ነገር አባቴ አንድ ብርጭቆ ሻይ ሳይጨርስ ያዘው። "እንግዲህ ገብቶሃል፤ ሳምንት ለመጠባበቂያው እጅህን ታወጣለህ" አልኩት።

"ሂሳቡማ ገብቶኛል። ያልገባኝ አሥራ አምስቱ ነው።" ኢቃማውን ከኪሱ አውጥቶ ከበጀቱ ጎን አስቀመጠው። "ተመልከቺ። የእኔ ወረቀት አንድ ዓመት ይላል። የእናንተ ወረቀት አሥራ አምስት ዓመት ይላል። ለማላየው ሊፍት ነው የምከፍለው? ኹሩጅ ቢመቱብንስ?"

ቢሮ ያስተማረኝ ስለ ፓምፕና ስለ ጣሪያ ዕድሜ ነው፤ ስለ ኢቃማ ዕድሜ በጀት ውስጥ የሚጻፍበት ዐምድ የለም። መልሱ የመጣው ከጀርባችን፣ ልብስ ከምትተኩሰው እናቴ ነው። ካውያውን አቆመችው።

"ስንት ጊዜ አሳደስከው?" አለችው።

"ምኑን?"

"ኢቃማውን።"

አባቴ መልሱን ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። እናቴ ግን ጮክ ብሎ እንዲቆጥረው ፈልጋ ጠበቀችው። "ሠላሳ አንድ" አለ በመጨረሻ።

"አንድ ዓመት ብቻ፣ አንድ ዓመት ብቻ እያልክ ሠላሳ አንድ አደረስከኝ። ልጄ በዚህች አንድ ዓመት ውስጥ ተወልዳ፣ ተምራ፣ ሥራ ይዛ ቤት ገዛችልኝ። እኔ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ በአይብ ብርጭቆ ሻይ ጠጣሁ። አልከፋኝም፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ስማኝ፣ ያንን ካርቶን በሕይወት እያለሁ ካልከፈትኩት ለማን ነው የተሸከምኩት?" ድምፅዋ አልጨመረም። ካውያውን አንሥታ የጀለቢያውን እጅጌ መተኮስ ቀጠለች።

በዚያ ሳምንት አባቴን ስለ ስብሰባው ብጠይቀው "ኢንሻአላህ" ከማለት በቀር የሚወጣው ነገር የለም፤ የእሱ ኢንሻአላህ ደግሞ እንደ እጁ ለሁለቱም ወገን የሚሆን ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ግን ጣሪያ ላይ አገኘሁት። ከፓምፑ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሏል። "ይህች ሦስት ዓመት አትቆይም፤ ኩሽኔታዋ አልቋል። እኔ ብይዛት ግን አምስት ትሄዳለች" አለኝ። እንደ ባለቤት ሲናገር ሰማሁት፤ እንዳላስደነብረው ብዬ ቀስ ብዬ ወረድኩ።

የሁለተኛው ስብሰባ ዕለት ፋይሉን ቤት ትቶ ባዶ እጁን ወረደ። ይህን ያየነው እኔና እናቴ ብቻ ነን፤ እሷም በሩ ላይ ቆማ በዓይኗ ሸኘችን።

ኡስታዝ ድምፅ ከማሰጠታቸው በፊት "የሚናገር አለ?" አሉ። አባቴ ብድግ አለ። በሰው ፊት ሲናገር አይቼው አላውቅም።

"ኡስታዝ" አለ፣ "ፓምፑን እኔ በነጻ እይዘዋለሁ፤ ለእሱ ያሰባችሁት ይቀንሳል። ሊፍቱን በተመለከተ ግን አንድ ልመና አለኝ። ሲቀየር ሰፋ ያለ ይሁን፣ የሚያዝ ብረትም ይኑረው። ያኔ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ የምሳፈረው ምርኩዝ ይዤ ነው።"

ኡስታዝ እስክሪብቷቸውን አንሥተው ቃለ ጉባኤው ላይ ሲጽፉ እያየሁ ነበር። የሰጡት ቃል አልነበረም፤ ዝም ብለው ጻፉት። እኔ በዚህ ሥራ ስንትና ስንት የመጠባበቂያ ሰንጠረዥ አዘጋጅቻለሁ፤ አሥራ አምስተኛው ዓመት ላይ አባቴን ቆሞ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ዓይኔ ሞላ፤ ተምር የምመርጥ መስዬ አጎነበስኩ።

"ይጀመር የሚል?" አሉ ኡስታዝ። አባቴ እጁን አወጣ።

"አይጀመር የሚል?" ይህን ሲሉ ዓይናቸው እሱ ላይ ነበር፤ የሁላችንም ዓይን እሱ ላይ ነበር። አባቴ ቀኝ እጁን ከጭኑ ሥር አድርጎ በደንብ ተቀምጦበታል። ስምንት ለሰባት። የምድር ቤቱ ሰውዬ "ያ ሐጅ! ባለፈው ከእኔ ጋር አልነበሩም?" ብለው ሲጮኹ፣ አባቴ "አሁንም ካንተ ጋር ነኝ፤ መኪናህን ነገ አምጣትና ቺንጋዋን ልየው" አላቸው። ሰውዬው ሳቁና መጥተው አቀፉት።

ሽቅብ ስንወጣ እናቴ በሩን ከፍታ ስትጠብቅ አገኘናት። አባቴ "ኸላስ፣ አለቀ" ብሏት ወደ ሳሎን አለፈ። ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው ማለቱን፣ ምርኩዙን፣ የሚያዘውን ብረት የነገርኳት እኔ ነኝ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ የወጥ ቤቱን ወንበር ጎትታ መኝታ ቤት ገባችና ቁም ሣጥኑ ላይ ተንጠራራች። ልርዳሽ ብላት በእጇ ገፋችኝ።

ፕላስተሩ ደርቆ ስለነበር ገና ስትነካው ተላቀቀ። ጋዜጦቹ ቢጫ ሆነዋል፤ ማንበብ በተማርኩበት ዓመት የታተሙ ናቸው። እየፈታሁ ርዕሱን ጮክ ብዬ ሳነብ እናቴ "ያኔ ፊደል እየገደፍሽ ነበር" ብላ ሳቀችብኝ። ብርጭቆዎቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ ወርቃማው ከንፈራቸው ንክች አላለም። አንዱን ብቻ ተሰንጥቆ አገኘነው። የካርቶኑን ክዳን በመቀስ ቆርጣ ለመደርደሪያው ምንጣፍ አደረገችው። "ሀገር ቤት" የሚለው ጽሑፍ ወደ ላይ ነበር፤ አልገለበጠችውም። አሥራ አንዱን አጥባ እላዩ ላይ ደረደረቻቸው።

ሳሎን በኩል ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ተሰማ። አባቴ በጋራዥ መዶሻው ሚስማር እየመታ ነው። ሰዓቱ ሲሰቀልም ትንሽ ዘንበል ብሎ ነበር፤ እናቴ ግን አንገቷ ስለለመደው ቀጥ ያለ መሰላት፤ "ማሻአላህ፣ እንዴት አስተካከልከው" አለችው። ማናችንም አላረምናትም።

ሻዩ በአዲሶቹ ብርጭቆዎች ቀረበ። አባቴ የእሱን በሁለት ጣቱ ጫፍ ይዞ ወደ መብራቱ አነሣው፣ አገላበጠው፣ ለመጠጣት ግን አልደፈረም።

"ቢሰበርስ?" አላት።

እናቴ የራሷን ፉት ብላ አስቀመጠች። "አሥር መጠባበቂያ አለው" አለችው። "ጠጣ።"